ደብር፣ ገዳም፣ ዐጸድ፦ ከመንጌ እስከ ግሽ ዓባይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

መንፈሳዊ ጉዞ በታሰበ ቁጥር ሁለት ዝርዝር ሲዘጋጅ ታያላችሁ። በአንዱ የምንሳለማቸው አድባራትና ገዳማት ይጻፋሉ፤ በሌላው ደግሞ የምንጎበኛቸው ፏፏቴዎች፣ ሐይቆችና ተራሮች። ገዳሙ ለጸሎት፣ ፏፏቴው ለፎቶግራፍ ይመደባል። ይህ ክፍፍል ለመርሐ ግብር አዘጋጅ ሊመች ይችላል፤ ለአባቶቻችን ግን እንግዳ ነበር። እነርሱ ተራራውንና መቅደሱን፣ ዛፉንና ጸሎቱን፣ ምንጩንና ጠበሉን አንድ አድርገው ይዘዋል። ይህ ጽሑፍ ያንን አንድነት በታሪክ ለማሳየት፥ በመጨረሻም በአሶሳና በመንጌ አካባቢ ለምንገኝ ለእኛ ምን ጥያቄ እንደሚያቀርብልን ለመመልከት የተዘጋጀ ነው።

ከመንጌ ተነሥቶ ጣና ወይም ግሽ ዓባይ መድረስ ረጅም መንገድ ነው፤ ጊዜውም ሁልጊዜ ለጉዞ አይመችም። ስለዚህ ዛሬ በንባብ እንጓዝ። መንገዳችን ወንዙ ይሁን፤ ዓባይ ከላይ ወደ ክልላችን ይወርዳል፤ እኛ ደግሞ ወደ ምንጩ እንውጣ።

ሦስት የግእዝ ቃላት

ከመነሣታችን በፊት ስንቅ የሚሆኑን ሦስት ቃላት አሉ።

የመጀመሪያው ደብር ነው። ዛሬ «ደብር» ስንል በአለቃ የሚተዳደር፣ ብዙ ካህናት የሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን በዓይነ ኅሊናችን ይመጣል። የቃሉ ጥንተ ትርጉም ግን ተራራ ነው። ደብረ ሲና የሲና ተራራ፣ ደብረ ታቦር የታቦር ተራራ፣ ደብረ ዘይትም የወይራ ዛፍ የበዛበት ተራራ መሆኑን ከበዓላቱ ትምህርት እናውቃለን።

ሁለተኛው ገዳም ነው። ገዳም ዛሬ መነኮሳት በአንድነት የሚኖሩበት ስፍራ ነው። በግእዝ ግን ዱር፣ በረሓ፣ ሰው ያልሰፈረበት ምድር ማለት ነው። «አራዊተ ገዳም» ሲባል በመነኮሳት ቅጥር ውስጥ ያሉ እንስሳት ሳይሆኑ የዱር አራዊት ናቸው።

ሦስተኛው ዐጸድ ነው። «ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን» የምንለው ቅጥር ግቢውን ነው። ይኸው ቃል ግን በግእዙ መጽሐፍ ቅዱስ የወይን ቦታን ለመጥራት ያገለግላል፤ «ዐጸደ ወይን» ይባላል። እንግዲህ ዐጸድ ባዶ ግቢ አይደለም። ታጥሮ የተተከለ፣ ጠባቂ ያለው፣ ፍሬም የሚጠበቅበት ስፍራ ነው።

እነዚህን ቃላት አስተውሏቸው። ሦስቱም ስለ ግድግዳና ስለ ጣራ አይናገሩም። ቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ስፍራዎቿን የሰየመችው ከመልክዐ ምድር በወሰደችው ስም ነው፦ ተራራ፣ ዱር፣ የተክል ቦታ። ሕንፃው የመጣው በእነዚህ መካከል ነው።

ይህን ለመረዳት የእኛ አካባቢ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያስረዱት «ቤኒሻንጉል» የሚለው የክልላችን መጠሪያ «ቤላ ሻንጉል» ከሚለው የበርታ አጠራር የመጣ ነው። ትርጉሙ የሻንጉል ዐለት ማለት ሲሆን፥ ዐለቱ በመንጌ ምድር በሚገኝ ተራራ ላይ ያለ፣ በጥንት ነዋሪዎቹ ዘንድ የተከበረ ድንጋይ ነው። በሃይማኖት ብንለያይም በጉርብትና አንድ የሆንናቸው የበርታ ወገኖቻችን ሀገራቸውን በተራራ ላይ ባለ ዐለት ስም ጠርተዋል። የእኛ አባቶች ደግሞ ቤተ ክርስቲያንን «ተራራ» ብለዋታል። በመንጌ የሚኖር ክርስቲያን ይህንን ሲያውቅ የሚረግጠውን ምድር በሌላ ዓይን ያየዋል።

ግሽ ዓባይ፦ አደራ የተቀበለ ውኃ

ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 2 ከገነት ስለሚወጡት ወንዞች ሲናገር ከአራቱ ሁለተኛውን ግዮን ይለዋል፤ ከኢትዮጵያ ምድርም ጋር ያያይዘዋል። የሀገራችን ሊቃውንት ግዮንን ዓባይ ብለው ተርጕመውታል። ምንጩ በምዕራብ ጎጃም፣ በሰከላ፣ በግሽ ተራራ አጠገብ ይገኛል። ከዚያ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ፈስሶ ጣና ይገባል፤ ታላቁ ዓባይም ከጣና ይወጣል።

በዚህ ምንጭ ስፍራ ስማቸው የሚጠራው ጻድቅ አቡነ ዘርዐ ብሩክ ናቸው። ገድላቸው እንደሚተርከው፥ ጻድቁ ለእስራት በተወሰዱ ጊዜ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጡ። ከእስራት ተፈትተው ሲመለሱም ውኃው መጻሕፍቱን ሳያበላሽ መለሰላቸው።

ይህን ታሪክ ስናነብ ተአምሩን አድንቀን ብቻ እንዳናልፍ። በዚያ ዘመን አንድ መጽሐፍ ምን እንደ ነበረ እናስብ፤ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ ተፍቆ ብራና ይሆናል፤ ቀለሙ ይበጠበጣል፤ ጸሐፊው ወራት ይደክማል። ጻድቁ ከንብረታቸው ሁሉ የከበረውን ያኖሩት በምንጭ ውስጥ ነው። ውኃውን እንደ ታመነ ጎረቤት ቆጥረው «አደራ» አሉት። አደራ ደግሞ በእኛ ባህል ከሁለቱም ወገን ይጠበቃል። ውኃው የመጽሐፉን አደራ ከጠበቀ፥ የመጽሐፉ ልጆች የውኃውን አደራ እንዴት ጠበቁ? ይህን ጥያቄ ይዘን እንቀጥል።

ምንጩን ለማየት ከሩቅ የመጡ ብዙዎች ናቸው። ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 ደርሰውበታል። ብሩስ ወደ ሀገሩ ተመልሶ በጻፈው የጉዞ መጽሐፍ የፓኤዝን መቅደም ሊቀበል አልወደደም፤ የመጀመሪያው እኔ ነኝ ባይ ነበር። የሁለት አውሮፓውያን ክርክር ለጂኦግራፊ ታሪክ ይጠቅም ይሆናል። ከምንጩ ጠበል እየቀዱ ለኖሩት የሰከላ ሰዎች ግን ምንጩ ጠፍቶ አያውቅም ነበርና የሚገኝም አልነበረም።

ጣና፦ በውኃ የታጠረ በረሓ

ከግልገል ዓባይ ጋር ወርደን ጣና እንግባ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ነው። ዩኔስኮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ አስገብቶታል። በደሴቶቹና በዳርቻዎቹ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የተመሠረቱ ገዳማት አሉ።

ገዳም ማለት በረሓ ከሆነ፥ ገዳማውያን ለምን ወደ ውኃ መካከል ገቡ? መልሱን ለማግኘት ወደ ግብፅ እንመልከት። ቅዱስ እንጦንስና ቅዱስ መቃርስ ከዓለም ሲርቁ በአቅራቢያቸው የነበረው የአሸዋ በረሓ ነው። በጎጃምና በበጌምድር ግን አሸዋ የለም፤ ምድሩ ለምለም፣ መንደሩም ቅርብ ለቅርብ ነው። ስለዚህ አባቶቻችን ሐይቁን በረሓ አደረጉት። የውኃው ስፋት የአሸዋውን ስፋት ተካ። ከደንገል የተሠራች ታንኳ ካልመጣች በቀር ወደ ደሴቱ የሚገባ፣ ከደሴቱም የሚወጣ አልነበረም። የተፈጥሮው ቅርጽ ለምናኔ ሥርዓት አጥር ሆኖ አገለገለ ማለት ነው።

አጥሩ ያስጠበቀው መናንያኑን ብቻ አይደለም። በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲለደስ አፅም እንደሚገኝ ይታወቃል። ነገሥታቱ በሕይወት ሳሉ ከተማ ሠሩ፤ ቤተ መንግሥት ሠሩ፤ ዐፅማቸው ግን ዐርፎ የተገኘው በደን በተሸፈነ ደሴት ላይ ነው። በጣና ቂርቆስ የታቦተ ጽዮን ማረፊያ የመሆኑ ትውፊት ይተረካል። በደቅ ደሴት ያለችው ናርጋ ሥላሴ ደግሞ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ የታነጸች ናት።

እዚህ ላይ ለእኅቶቻችን አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በዳጋ እስጢፋኖስና በክብራን ገብርኤል ሴቶች እንዳይገቡ የገዳሙ ሥርዓት ይከለክላል። ናርጋ ሥላሴና የዘጌ አብያተ ክርስቲያናት ግን ወንድ ሴት ሳይለዩ ተሳላሚን ይቀበላሉ፤ ከክብራን አጠገብ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ደግሞ በእናቶች መነኮሳይያት ትታወቃለች። ጉዞ አዘጋጆች ይህን አስቀድመው ቢናገሩ፥ ታንኳ ላይ ቀርቶ የሚያዝን አይኖርም።

ዘጌ፦ በሬ የማይጠመድበት ምድር

ከባሕር ዳር በጀልባ ጥቂት ተጕዘን ዘጌ እንደርሳለን። ዘጌ ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና አቡነ በትረ ማርያም እየተባሉ የሚጠሩት ጥንታውያን አድባራት በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ተሰውረው ይገኛሉ። የዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደስ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ ነው፤ የሀገራችንን የቅዱሳት ሥዕላት ታሪክ ማጥናት የሚሻ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል።

ይሁን እንጂ ወደ ሥዕሉ ከመድረሳችሁ በፊት በምትሄዱበት የእግር መንገድ ላይ ቆም በሉ። በግራና በቀኝ ያለው ቡና ነው። የአካባቢው ትውፊት እንደሚለው የዘጌ መሥራች አቡነ በትረ ማርያም ከበትራቸው ሦስት ተክል በቀለላቸው፤ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ። በዚህም ምክንያት በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ፣ ከብትም ማርባት የተከለከለ ሆኖ ኖረ። ሕዝቡ ከዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅል ተክል እንዲተዳደር ተባለ።

ይህ ሥርዓት ምን እንዳደረገ ለማየት ከዘጌ ወጥቶ ዙሪያውን መመልከት ይበቃል። ከልሳነ ምድሩ ውጪ ያለው ምድር ታርሶ ዛፉ አልቋል፤ ዘጌ ግን እስከ ዛሬ ደን ነው። ማረሻን የከለከለ አንድ የጻድቅ ቃል ለዘመናት የደን ሕግ ሆኖ አገለገለ። ዘበኛም መቀጫም ሳይበዛበት ሊጠበቅ የቻለው ሕዝቡ ሕጉን የሚያውቀው በቃል ኪዳን መልክ ስለ ሆነ ነው።

ጣና ዛሬ ያለ ሥጋት አይደለም። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በሐይቁ ላይ ተስፋፍቶ የዓሣ አጥማጁንም የገዳማቱንም ኑሮ አስቸግሯል። ከዳርቻው የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ አረሙን ይመግበዋል። በዳርቻው ደን ያለበትን የዘጌን ታሪክ ከዚህ ጋር አያይዘን ብናነበው፥ የአባ በትረ ማርያም ሥርዓት ከጊዜው ቀድሞ የታየ ጥበብ እንደ ነበረ እንረዳለን።

አረንጓዴዎቹ ክቦች

ከጣና ወደ ምሥራቅ ስንዘልቅ ደቡብ ጎንደር ነው። ከአውሮፕላን ወይም በሳተላይት ለሚያይ ሰው ምድሩ የታረሰ ሜዳ ሆኖ ይታያል፤ በመካከሉም እዚህም እዚያም አረንጓዴ ክቦች አሉ። እያንዳንዱ ክብ የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ነው። በመካከሉ ክብ ቤተ ንጉሥ አለ።

«እመጓ» በተባለው መጽሐፋቸው ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ተመራማሪ ናቸው። ለዶክትሬት ጥናታቸው በደቡብ ጎንደር በሚገኙ 28 አድባራት ደን ውስጥ 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፀዋት መዝግበዋል። በዙሪያው ካለው እርሻ ላይ የጠፋው ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ በዐጸዱ ውስጥ ተረፈ። ከዚህ የተነሣ ዘር የሚፈልግ የደን ባለሙያ ዛሬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይሄዳል።

ለምን እዚህ ብቻ ተረፈ? ምክንያቱ በሥርዓታችን ውስጥ ይገኛል። ቤተ ክርስቲያናችን ሦስት ክፍል እንዳላት ታውቃላችሁ፤ መቅደስ፣ ቅድስት፣ ቅኔ ማኅሌት። በአእምሯችን ግን አራተኛ ክፍል እንጨምር፤ እርሱም ዐጸዱ ነው። በልዩ ልዩ ምክንያት ወደ ውስጥ የማይገባ ምእመን በዛፍ ሥር ቆሞ ያስቀድሳል። የቆሎ ተማሪው ጎጆውን በዐጸዱ ጥግ ይቀልሳል፤ መምህሩም በጥላው ሥር ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። ሰንበቴው በጥላው ይበላል፤ ሙታን በዙሪያው ያርፋሉ። ስለዚህ ዛፉን ያለ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ መቁረጥ እንደ ድፍረት ተቆጠረ። ዛፉን የጠበቀው በጥላው ሥር የሚፈጸመው ጸሎት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ሰፊ ይዞታዋን አጣች። በብዙ ስፍራ በእጇ የቀረው በቅጥሩ ውስጥ ያለው ዐጸድ ነው። ያንንም ከብት ይገባበታል፤ እርሻ ይገፋዋል። በቅርብ ዓመታት ካህናትና ምእመናን ከተመራማሪዎች ጋር ተባብረው በብዙ አድባራት ዙሪያ የድንጋይ ካብ ሠርተዋል። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ስለሚለቀም ማሳውም ይጸዳል፤ ደኑም ይታጠራል። ችግሩ ለቤተ ክርስቲያንም ለገበሬውም ስለነበር መፍትሔው ለሁለቱም ሆነ።

ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ

ይህ ጉዳይ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ለማየት ወደ ፈረንሳይ ገጠር እንሻገር። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዚያ የተነሡ ሲስተርሲያን የተባሉ መነኮሳት ገዳማቸውን ሲመሠርቱ እንደ እኛ አባቶች ከመልክዐ ምድር ስም ወሰዱ። በ1115 የተመሠረተው ክሌርቮ ስሙ «ብሩህ ሸለቆ» ማለት ነው። በ1118 የተመሠረተው ፎንትኔ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከምንጭ ውኃ ነው። ከመንደር የራቀ ሸለቆ፣ ደንና ምንጭ ይመርጡ ነበር።

ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ግን መነኮሳቱ ተበተኑ። ክሌርቮ እስር ቤት ሆነ፤ ፎንትኔ የወረቀት ፋብሪካ ሆነ። ፎንትኔ ዛሬ በሚገባ ታድሶ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ደኑም፣ ምንጩም፣ የድንጋይ ሕንፃውም አሉ። ጎብኚ ከሩቅ እየመጣ ያደንቀዋል። በዚያ የሚኖር የመነኮሳት ማኅበር ግን የለም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በደቡብ ጎንደር ሥጋቱ ጸሎቱ እያለ ዛፉ እንዳይጠፋ ነው። በፎንትኔ ዛፉም ሕንፃውም አሉ፤ የጠፋው ጸሎቱ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል የሚቀረው ወይ የተራቆተ ግቢ ነው፤ ወይ የቱሪስት ስፍራ ነው። አባቶቻችን ሦስቱን ቃላት ያለ ምክንያት አልመረጡም።

ወደ ክልላችን እንመለስ

አሁን ከወንዙ ጋር ወደ ታች እንውረድ። ዓባይ በባሕር ዳር አጠገብ በጢስ ዓባይ ገደል ይወረወራል፤ ከዚያም ጥልቅ ሸለቆ እየቆረጠ ጎጃምን ይዞራል። ወደ ክልላችን ሲደርስ ከጣና ወለል ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሏል። በጉባ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይቀበለዋል። ከላይ በደን ያልተያዘ አፈር ሁሉ ከውኃው ጋር የሚወርደው ወደዚህ ነው። እንግዲህ የሰከላና የዘጌ ዐጸድ የጎጃም ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የእኛስ ታሪክ? በመንጌና በአሶሳ ዙሪያ ያሉ የብዙ ምእመናን ቤተሰቦች በ1970ዎቹ፣ በተለይም ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጋር ተያይዞ በተካሄደው ሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። ከእነርሱ አስቀድሞ በሥራና በንግድ የመጡም ነበሩ። ሰፋሪዎቹ የተዉት ሀገር ጥንታውያን አድባራት ያሉበት፣ በየደብሩም የአያት የቅድመ አያት መቃብር በዛፍ ጥላ ያረፈበት ነበር። የመጡበት ምድር ደግሞ የቀርከሃ ምድር ነው፤ በክልላችን በሰፊው የሚበቅለው የቆላ ቀርከሃ ለቤት፣ ለአጥርና ለዕቃ የአገሬው ሕዝብ መመኪያ ሆኖ ኖሯል። በረሃብ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እህል ነውና ብዙ ቀርከሃና ደን ተመነጠረ። ወላጆቻችንን በዚህ ልንወቅስ አይገባም፤ በሕይወት ለመቆየት ያደረጉት ነው። ከእርሻው ተርፎ ባገኙት አቅምም ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። የቆርቆሮ ጣራዋ በብዙ ድካም የተገዛ ነው።

እነርሱ መቅደሱን ሠርተውልናል። ዐጸዱ ግን ገና ነው። በየአጥቢያችን የግንባታ ነገር ሲነሣ ስለ ሲሚንቶ፣ ስለ ቆርቆሮ፣ ስለ አዳራሽ እንወያያለን፤ ስለ ዛፍ የምንወያየው የሚቆረጥ ሲኖር ነው። ባሕር ዛፍ ገቢ ያስገኛል ብለን እንተክላለን፤ በሥሩ ግን ሰንበቴ የሚቀመጥበት ሰፊ ጥላ የለውም። ከ100 ዓመት በኋላ ወደዚህ የሚመጣ ተሳላሚ ምን ያገኛል? የሚለው ጥያቄ የእኛ ትውልድ ጥያቄ ነው። ጥንታዊ ደብር ጥንታዊ ሆኖ አልተወለደም፤ የተተከለበት አንድ ቀን ነበረው።

«እኛ የጣና ሐይቅ የለንም፤ የዘጌ ቡና የለንም» እንዳንል። ለቅዳሴያችን የማይታጣው ዕጣን የሚገኝበት ዛፍ በክልላችን ቆላማ ምድር ይበቅላል። የዕጣን ዛፍ ቅርፊቱ በበጋ ወራት እየተነቆረ ሙጫው ይለቀማል። ተመራማሪዎች በመተማ አካባቢ ባደረጉት ጥናት አሮጌዎቹን የሚተካ ወጣት ዛፍ በበቂ እንደማይበቅል አስጠንቅቀዋል፤ እሳትና የከብት ግጦሽ ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። በደጋው ገዳም የሚያጥነው ካህን ከቆላው ዛፍ የተገኘውን ያጥናል። ውኃው ከእነርሱ ወደ እኛ ሲወርድ ዕጣኑ ከቆላው ወደ እነርሱ ይወጣል። ስለዚህ በክልላችን የዕጣን ዛፍ የሚጠብቅ ሰው የጣናን ቅዳሴ ያገለግላል ብንል አልተሳሳትንም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ ዕድሉ ገጥሟችሁ ወደ ጥንታዊ ገዳም ስትሄዱ ከውጭ ወደ ውስጥ አንብቡ። መጀመሪያ አጥሩን፣ ቀጥሎ ዛፉን፣ ከዚያ ምንጩን፣ በመጨረሻ ሕንፃውን ተመልከቱ። የዛፎቹን ስም አባቶችን ጠይቁ፤ የትኛው ለምን አገልግሎት እንደሚውል ይነግሯችኋል። የውኃ ፕላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ለበረከት ብላችሁም ቅርንጫፍ አትቍረጡ፤ ተሳላሚ ሁሉ አንዳንድ ቢቆርጥ ለሚመጣው የሚተርፍ የለም።

ሁለተኛ፥ የራሳችንን አጥቢያ ታሪክ እንመዝግብ። ቤተ ክርስቲያኑን የተከሉ አባቶችና እናቶች ብዙዎቹ አርጅተዋል። ታቦቱ ሲገባ ግቢው ምን ይመስል ነበር? የትኛው ዛፍ ቆሞ ነበር? መጀመሪያ የተቀደሰው በምን ዓይነት ዳስ ነው? አንድ ደብተርና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። የበርታ ሽማግሌዎችንም የተራራውን፣ የወንዙንና የዛፉን ስም እንጠይቃቸው፤ ከእኛ በፊት ምድሩን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

ሦስተኛ፥ እንትከል፤ ይልቁንም እናጠጣ። በክረምት ችግኝ መትከል ቀላል ነው፤ ዝናቡ ያግዛል። ችግኙ የሚሞተው ከኅዳር በኋላ ማንም በማይጠይቀው ጊዜ ነው። ስለዚህ ከመቶ ችግኝ ይልቅ በየክፍሉ አንድ አንድ ዋንዛ፣ ሾላ ወይም ማንጎ ተመድቦ፥ የሕፃናት ክፍል አንዱን፣ የማዕከላውያን ክፍል ሌላውን፣ መዘምራን ሌላውን በበጋው ሁሉ ተራ ገብተው ቢያጠጡ ይሻላል። በአጥሩም ዳር ቀርከሃ ቢተከል የምድሩን ጥንተ መልክ እንመልሳለን።

የተወደዳችሁ፥ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ ስትወጡ ወዲያው ወደ በሩ አትሂዱ። ግቢውን አንድ ጊዜ ዙሩት፤ ያሉትን ዛፎች ቍጠሩ፤ ስማቸውን ጻፉ። ጥላ የሌለበትንም ስፍራ ምልክት አድርጉ። ቍጥሩን ይዛችሁ ወደ ጉባኤያችን ኑ፤ ከዚያ ላይ እንጀምራለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።